ባለ 12 ቮልት የጀልባ ኤርኮንዲሽነር፦ ከ10 ወር በኋላ

ማያሚ፣ ቢስኬይን ወሽመጥ ላይ መልህቅ ጥሎ ያደረ ሰው የነሐሴን ሌሊት ያውቀዋል። ነፋሱ ከቆመ አንሶላው በላብ ይርሳል፤ እንቅልፍ የለም። ባለቤቴ «ወይ ጀልባውን ሽጠው፣ ወይ መላ ፈልግለት» አለችኝ። ጄኔሬተር እያስጮሁ ማደር ስለማልወድ፣ በቀጥታ ከባትሪ የሚሠራ 6,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) ማቀዝቀዣ አስገባሁ።

ማሽኑ ራሱ አላሳፈረኝም። ሲነሣ 48 አምፔር ይስባል፤ ካቢኑ ሲቀዘቅዝ ኮምፕሬሰሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ 25 ይወርዳል። ባለቤቴም አሁን ሌሊት ብርድ ልብስ ትስባለች።

ያስቸገረኝ ኤሌክትሪኩን እስከ ማሽኑ ማድረሱ ነበር። በመጀመሪያው ወር እኩለ ሌሊት ላይ በድንገት ይጠፋብን ነበር። አንድ ሌሊት የእጅ ባትሪ ይዤ ወለሉን ከፈትኩ። ባትሪዎቹ ላይ 12.8 ቮልት አለ፤ ማሽኑ ጫፍ ላይ ስለካው ግን 11.6 ብቻ። ኬብሉን ብዳስሰው ይሞቃል። የገጠመልኝ ባለሙያ የዘረጋው ባለ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ ኬብል ነው፤ ርቀቱ ደግሞ 7 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 14 ሜትር። ቮልቱ ሲያንስ አምፔሩ ስለሚበዛ፣ ቀጭን ኬብል ኃይሉን መንገድ ላይ ይበላዋል፤ የእኔው ወደ 58 ዋት የሚጠጋውን በሙቀት መልክ ያስቀረው ነበር። ነቅዬ በባለ 50 ሚሊ ሜትር ካሬ ቀየርኩት፤ ከባትሪው አጠገብም ለኬብሉ የሚመጥን ፊውዝ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ሌሊት አልጠፋም። ማንም በርካሽ ልግጠምልህ ቢላችሁ፣ መጀመሪያ የኬብሉን ውፍረት ጠይቁት።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ፣ ለ8 ሰዓት ሲሠራ 200 አምፔር ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ያለኝ ሊቲየም ባትሪ 400 ነው። 400 ዋት ሶላሬ ጥርት ባለ ቀን እንኳ ከ1.5 ኪሎዋት ሰዓት ብዙ አያልፍም፤ የሌሊቱ ፍጆታ ግን (200 አምፔር ሰዓቱ በ12.8 ቮልት ሲባዛ) 2.5 ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለት ሌሊት ተከታትዬ አድርበታለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ሞተር ማስነሣት ግድ ነው። ዲናሞውን በቀጥታ ከሊቲየም ጋር አታገናኙት፤ ሊቲየም የሰጡትን ሁሉ ስለሚወስድ ዲናሞው ግሎ ይቃጠላል። መሃል ላይ አምፔሩን የሚገድብ ቻርጀር ያስፈልጋል።

ማሽኑ የሚቀዘቅዘው በባሕር ውኃ ስለሆነ፣ የውኃ ማጣሪያው ውስጥ የሚጠራቀመውን የባሕር ሣር በየሳምንቱ አጸዳለሁ።

እንደገና ብጀምር ባለ 24 ቮልቱን እገዛ ነበር። ለዚያው ኃይል አምፔሩ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ያ ሁሉ ወፍራም መዳብ ባላስፈለገኝ ነበር።