የንግግር ሕክምናው ለእኔም ለልጄም

ልጄ በ22 ወሩ ስሙን ብጠራው አይዞርም ነበር። ጆሮው ተመርምሮ ደህና ነው ተባልን። ከዚያ ኤም ቻት አር የሚባለውን የኦቲዝም ምልክቶች መጠይቅ ሞላሁ፤ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ፣ 20 የ«አዎ» ወይም «አይደለም» ጥያቄዎች ያሉት ነው። ማጣሪያ እንጂ ምርመራ አይደለም። በእሱ መነሻነት ወደ ምርመራ፣ ከዚያም ወደ ንግግርና ቋንቋ ሕክምና ተላክን።

ባለሙያዋ የመጀመሪያውን ቀን ወለል ላይ ተቀምጣ ልጄ የመኪናውን ጎማ ሲያሽከረክር አብራው አሽከረከረች። አልነጠቀችውም፤ «እየኝ» ብላም አላስጨነቀችው። በኋላ እኔን አስተማረችኝ፦ ፊት ለፊቱ ተቀመጪ፣ የሳሙና አረፋ ንፊለትና አቁሚ፣ እስኪጠይቅሽ ጠብቂ። መጠበቁ እንዴት ይከብዳል! በስድስተኛው ሳምንት፣ የሚፈልገውን እንዲጠይቅባቸው ከተሰጡት ሥዕሎች የአረፋውን አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። አለቀስኩ። ሥዕል ከለመደ አይናገርም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የእኔ ልጅ ግን ድምፅ ማውጣት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቅሬታዬ ወረፋው ነው፤ አራት ወር ጠበቅን። ለዚህ ዕድሜ አራት ወር ብዙ ነው። ሥራ ላይ የሚውሉ አባቶችም እንዲገቡ የማታ ሰዓት ቢኖር እወድ ነበር፤ ባለቤቴ እስካሁን ያየው በስልክ የቀረጽኩለትን ብቻ ነው።