ሳይክሌንም መንገዴንም ላቃናልኝ ጋሼ

ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድና አካባቢዋ ያላችሁ ሐበሾች፣ ሳይክል ካላችሁ ይህቺን አንብቧት። ከሌላችሁም አንብቧት፤ ጋራዥ ውስጥ አቧራ የጠጣ ሳይክል ያለው ዘመድ አታጡም።

ላመሰግነው የፈለግኩት ሳይክል ጠጋኝ ስሙ እንዲጠራ አይወድም። «ስሜን ከጻፍሽ ሁለተኛ ጎማሽን አልነካም» ብሎኛል። ዛቻው የምር ይሁን አይሁን መፈተን አልፈለግኩም። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

የሌሊት ፈረቃ የምሠራ ሰው ነኝ። ወገቤን ሲያመኝ ሐኪሜ «ተንቀሳቀሺ» አለችኝና ያገለገለ ግራቭል ሳይክል ገዛሁ። ግራቭል የሚሉት መሪው እንደ እሽቅድምድም ሳይክል ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው ግን ወፈር ያለ፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆነውን ነው። ሁለት ወር ሳይሞላው መጮህ ጀመረ። ፔዳል በረገጥኩ ቁጥር ቂጭ፣ ቂጭ። ዳገት ላይማ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል።

አንድ ሱቅ ወሰድኩት፤ ስሙ ይቅር። ልጁ ሁለቴ አገላብጦ አየውና ፔዳሉ የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋል፣ ካቴናውና ማርሹም አብረው ይቀየሩ፣ ይሄን ሁሉ ከምታወጪ ግን አዲስ ብትገዢ ይሻልሻል አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ ሳይክሉን ከገዛሁበት ብዙም አይርቅም ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ለአንዲት እህት ይህንኑ ሳማርር «ባህር ዳር ሳይክል ሲያከራይና ሲጠግን ያደገ ሰው አለ፣ እሱ ጋ ሂጂ» አለችኝ። ሄድኩ። የቤቱ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ አንቱ ስለው ተቆጣ።

ጋሼ ሳይክሉን አልነካውም። «ውጪና ንጂው» አለኝ። እሱ በሩ ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ቂጭ ቂጭ እያልኩ ዞሬ መጣሁ። «አሁን ደግሞ ከኮርቻው ተነስተሽ፣ ቆመሽ ርገጪ» አለኝ። ቆሜ ረገጥኩ። ድምፁ ጠፋ።

«ስትቀመጪ ይጮሃል፣ ስትነሺ ዝም ይላል። እና የታመመው ምኑ ነው?»

ኮርቻውን ከነዘንጉ መዝዞ አወጣው። ዘንጉ ላይ ደቃቅ አሸዋ ተጋግሯል። በአሮጌ ካናቴራ ጠረገው፣ ግራሶ ቀባው፣ መልሶ ከተተውና ቡሎኗን በልኩ አጠበቃት። አሥር ደቂቃ አልሞላም። ስንት ልክፈል ስለው «ለግራሶ?» አለኝ።

በነፃ ይሠራል ማለቴ ግን አይደለም። በኋላ የፍሬን ሸራ ሲቀይርልኝና አንድ ቸርኬ ሲያቃናልኝ አስከፍሎኛል፤ የሚገባውን ነው። ዋጋውን ቀድሞ ይነግራችኋል። የተቀየረውን ዕቃም እጃችሁ ላይ ያስቀምጣል፣ ማለቁን በዓይናችሁ እንድታዩ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለት መስመር ጽፌ እተወው ነበር። ያን ቀን ሳይክሉን ሊያስረክበኝ ሲል የት የት እንደምነዳ ጠየቀኝ። ሌክ ሜሪትን ነው የምዞረው አልኩት። «ሐይቅ ለመዞር ነው እዚህ ድረስ የመጣሽው? ሐይቅማ ባህር ዳርም አለ» አለኝ። ከዚያ አንድ የካርቶን ክዳን ቀደደና መንገድ ይስልልኝ ጀመር።

የመጀመሪያዋ ቴነሲ ቫሊ ናት፣ ማሪን ውስጥ፣ ከጎልደን ጌት ድልድይ ማዶ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውቅያኖሱ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አስፋልቱ ያልቅና ጠጠር ይሆናል፣ ከዚያ ሁለት ኮረብታዎች መሃል ባሕሩ ድንገት ድቅን ይላል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። ልጆችም ይነዱታል።

ከዚያው ማቆሚያ ማሪንቼሎ የሚባል ዳገት ይነሳል። ታሪኩን የነገረኝ ጋሼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እዚያ ኮረብታ ላይ 30,000 ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ልትቆረቆር ታቅዶ፣ መግቢያ መንገዷም ተቆርጦ ነበር። ሰው ተሟገተ። ከተማዋ ቀረች፣ ቦታው በ1972 በተቋቋመው የጎልደን ጌት ብሔራዊ መዝናኛ ሥር ገባ። ዛሬ እያለከለክን የምንወጣው ያንኑ መግቢያ ነው። እኔ ስወጣው የሌለችውን ከተማ በልቤ እሰድባለሁ፣ ዳገቱን ትንሽ ቢያስተኙት ምን ነበረበት።

እዚያው ማሪን ያለውን ቦሊናስ ሪጅን ግን ብቻሽን አትሂጂ ብሎ አንድ እሑድ አብሮኝ መጣ። 18 ኪሎ ሜትር ያህል የተራራ ጀርባ ነው። ከደቡብ ሲጀምሩት ሬድዉድ የሚባሉት ግዙፍ ዛፎች ጫካ ውስጥ ነው የሚገቡት። ዝናብ የለም፣ መሬቱ ግን ርጥብ ነው። ጭጋጉ ከባሕር ይመጣል፣ ቅጠሉ ላይ ውሃ ይሆንና ጠብ ጠብ ይላል። ዛፎቹ በበጋ የሚጠጡት አንዱ ውሃ ይሄው ነው። መሬቱ የወደቀ ቅጠል ስላለበት ጎማው ድምፅ የለውም፣ ምንጣፍ ላይ የምትነዱ ነው የሚመስለው። ጋሼ ፊት ፊቴ እየሄደ ስለ ዘጌ ያወራል። ጫካ ውስጥ ሆኖ ውሃ ሲሸተው ዘጌ ትዝ ይለዋል፣ በቡናው መሃል ወደ ገዳማቱ የሚወስደው የእግር መንገድ፣ ከዛፎቹ ማዶ ጣና።

ከዚያ ጫካው ያልቅና ሜዳ ይሆናል። ሣርና ከብት ብቻ። አጥር ላይ በሮች አሉ፤ ከፍታችሁ ታልፋላችሁ፣ መልሳችሁ ትዘጋላችሁ። ላሞቹ መንገዱ መሃል ቆመው ያዩዋችኋል፣ አይነቃነቁም። በግራ በኩል ከታች የኦሌማ ሸለቆ አለ፣ ራቅ ብሎ ቶማሌስ ቤይ ያበራል። ሸለቆው ዝም ብሎ ሸለቆ አይደለም፣ ሳን አንድሪያስ የሚባለው የመሬት ስንጥቅ የሚያልፍበት ነው። በ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ኦሌማ አካባቢ መሬቱ 6 ሜትር ያህል ተንሸራቷል።

እዚያ ሜዳ ላይ ነው ስለታም ድንጋይ የኋላ ጎማዬን ጎኑን የሰነጠቀው። ፉስስ አለና አለቀ። ካላማዳሪያ ይዤ ነበር፣ ግን በስንጥቁ ተወጥሮ ይወጣል። ጋሼ ጎንበስ ብሎ አየውና «አንድ ዶላር አለሽ?» አለኝ። ከዚህ በረሃ ማን ሊሸጥልን ነው ብዬ ሰጠሁት። አራት አጠፈውና በጎማውና በካላማዳሪያው መሃል፣ ልክ ስንጥቁ ላይ ሸጎጠው። ነፋነው። ያዘ። የዶላር ወረቀት ጥጥና ሊነን ስለሆነ ቶሎ አይቀደድም አለኝ። ባህር ዳር እያለ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ነበር የሚጠቀመው፣ ብር ለዚህ የሚያወጣ ስላልነበረ። ያቺ ዶላር ቤቴ አድርሳኛለች። አሁን ከነጭቃዋ ፍሪጄ በር ላይ ተለጥፋለች።

የነገረኝን ሁሉ ብጽፍ አያልቅም። ጎማሽን እንደ ድንጋይ ነፍተሽዋል ብሎ የአየር ግፊቱን ከ60 ፒኤስአይ ወደ 35 ሲያወርድልኝ፣ እጄን ያንቀጠቅጠኝ የነበረው ነገር ጠፋ። (እኔ ክብደቴ ቀላል ነው፣ ለናንተ ሌላ ቁጥር ይነግራችኋል።) ከውቅያኖስ ዳር ስትመለሺ ካቴናውን ጥረጊ፣ ባሕሩ ጨው አለው፣ ጣና አይደለም ይላል። እግረኛና ፈረስ ስታዪ ቀስ በዪ፣ ድምፅሽን አሰሚ። ፖይንት ሬይስ ውስጥ ቤር ቫሊ የሚባለው መንገድ ላይ ደግሞ ሳይክል የሚፈቀደው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ከዚያ አስራችሁ በእግር። ሐምሌ ነው ብላችሁ በቲሸርት እንዳትወጡ፣ የማሪን ሐምሌ ጭጋግ አጥንት ይገባል። ይሄኛውን እንኳ ማንም ሳይነግረኝ በራሴ ነው የተማርኩት።

እንከኑንም ልንገራችሁ። ሰዓት አያከብርም። «ሐሙስ ይደርሳል» ካለ ቅዳሜ ጠብቁ። ወሬ ይወዳል፣ ቸኩላችሁ አትሂዱ። የኤሌክትሪክ ሳይክል አይነካም፣ ምክንያቱን ከጠየቃችሁት ቀናችሁ አለቀ።

ጋሼ፣ ይህን ልጆችህ ካነበቡልህ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወገቤ ደህና ነው። ሳይክሉም ዝም ብሏል።

እናንተ ደግሞ ደውላችሁ ካላነሳ ቅር እንዳይላችሁ። ወይ እጁ ግራሶ ነክቷል፣ ወይ ቦሊናስ ሪጅ ላይ ከላሞቹ ጋር ነው።