ምስጋና ለትሬይለራችን «ጎሚስታ»

ሲያትልና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በተለይ ትሬይለር (በመኪና የሚጎተት፣ አልጋ ያለው የሽርሽር ቤት) ያላችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይቺን ጽሁፍ አንብቧት። አንድ ሰው ላመሰግን ነው፤ እናንተም ሲቸግራችሁ እንድትጠሯቸው።

አምና ሰመር ላይ አንድ ያገለገለች ትሬይለር ገዛን። 17 ጫማ ናት፣ አምስት ሜትር ገደማ። ጁላይና ኦገስት እዚህ ዝናብ ብርቅ ስለሆነ ጉዷን አላየንም። ኦክቶበር ላይ ባሕር ዳር ወዳለችው ኦሽን ሾርስ ስንሄድ ግን መንገዱን ሙሉ ዘነበብን። ደርሰን አልጋውን ስነካው የፍራሹ ጥግ ሳይጨመቅ የተሰጣ ልብስ ሆኗል። ልጆቹን መኪና ውስጥ አስተኝተን እኛ ቁጭ ብለን አደርን።

ከዚያ ባለቤቴ ጥገና ጀመረ። (ይህን እንደሚያነበው አውቃለሁ፣ ይቅር ይበለኝ።) ሲሊኮን ገዝቶ ጣራ ላይ ወጣ። ማናፈሻው ዙሪያ፣ መስኮቱ ስር፣ ስንጥቅ የመሰለውን ሁሉ መረገው። ሦስት ቱቦ ጨረሰ። በቀጣዩ ጉዞ ፍራሹ እንደገና ራሰ፤ ጭራሽ መስኮቱ ስር ያለው ግድግዳም ማፍሰስ ጀመረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ደረሰብን።

አንድ ጥገና ቤት ወሰድናት። ሠራተኛው ከታች ሆኖ አንጋጦ አየና «ጣራው ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት» አለን። የጠየቀን ዋጋ ትሬይለሯን ከገዛንበት ብዙም አይርቅም። ሸጠን እንገላገል አልን። ግን እንደምታፈስ እያወቁ ለሌላ ባለ ልጅ መሸጥ ይከብዳል። ለኛ የሸጠልን ሰው እንዴት እንዳስቻለው እንጃ።

እኚህን ሰው የጠቆመችኝ የእድራችን አባል የሆነች እህት ናት። ያገራችን ሰው ናቸው። ለዓመታት ትሬይለር ሲጠግኑ ኖረው አሁን በራሳቸው ቫን ቤት ድረስ እየመጡ ይሠራሉ። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው።

እንደመጡ መሰላል አላወጡም። መጀመሪያ ጠየቁኝ፦ «ቆማ ነው የምታፈሰው ወይስ ስትሄድ?»

አስቤው አላውቅም ነበር። ለካ ፍራሹ የሚርሰው ዝናብ ውስጥ ስንነዳ ብቻ ነው። «እንግዲያው ከፊት ነው ልጄ፤ ነፋሱ ነው ውሃውን ገፍቶ የሚያስገባው» አሉኝ። ከኪሳቸው ሁለት ሹል ጫፍ ያላት ትንሽ መለኪያ አወጡ። እንጨት ውስጥ ያለ እርጥበት ታሳያለች። ግድግዳውን ከአልጋው ጀምረው ወደ ላይ እየወጉ ሄዱ። ባለቤቴ ማናፈሻው ጋ ያለውን ጣራ አሳያቸው፤ ደረቅ ነው። «ውሃ በገባበት አይወጣም፤ እንጨቱን ይዞ ይሄዳል» አሉት።

ቀጥሎ ያደረጉትን ልጆቼ እስካሁን ያወራሉ። የጣራው ማናፈሻ ላይ አየር የሚነፋ ማሽን ገጠሙ። በሩም መስኮቱም ተዘጋ፤ የእቃ ማጠቢያው ቀዳዳ ሳይቀር በቴፕ ታሸገ። ውስጡ በአየር ሲወጠር እሳቸው ውጪውን በሳሙና ውሃ ይረጫሉ። ጎሚስታ የተነፋ ጎማ በርሜል ውስጥ ሲነክር ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ቀዳዳ ካለ አረፋ ይወጣል። ጣራው ላይ አንድም አረፋ የለም። ከፊት፣ ከላይ ጥግ ላይ ያለችው ብርቱካናማ መብራት ግን እንደ ተጣደ ጀበና ገነፈለች። ከአውራ ጣቴ ብዙም አትበልጥም! ከሥሯ ጥጉን የያዘው አሉሚኒየም ላይ ደግሞ ሁለት ብሎኖች አረፋ ይተፋሉ።

መስኮቱስ? የመስኮቱ ፍሬም ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ውሃ እንዲወጣባቸው ሆን ተብሎ የተሠሩ ናቸው። ባለቤቴ በሲሊኮን ጥርቅም አድርጎ ደፍኗቸዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ገባ። ጋሼ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ባለቤቴን አይተው ሳቁ ብቻ። እሱም የሆነ ዕቃ እንደረሳ ሰው ወደ ቤት ገባ።

አብዛኛው ሰዓት የሄደው ያንን ሲሊኮን በመፋቅ ነው። እንደኛዋ ያለ በጎማ የተሸፈነ ጣራ ላይ ሲሊኮን በደንብ አይዝም፤ አንዴ ከተቀባ ደግሞ ሌላ ማሸጊያ በላዩ አይጣበቅም። ጣራው እንዳይጫር በፕላስቲክ መፋቂያ፣ ቀስ እያሉ አነሱት። በምትኩ ለጎማ ጣራ የሚሆነውን፣ ሲፈስ ራሱ ተንጣሎ የሚረጋውን ማሸጊያ አደረጉ። መብራቷን ነቅለው ከጀርባዋ ቢዩቲል ቴፕ አስገቡ፤ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ነገር ነው። የዛጉትን ብሎኖች በማይዝግ ቀየሩ። ከአልጋው ጎን ያለው ኮምፔንሳቶ ሻግቶ ስለነበር ቆርጠው አወጡትና «ሳምንት ክፍት ይቆይ፤ እርጥበት ላይ አልዘጋም» ብለው ሄዱ። በሳምንቱ ተመልሰው ለክተው ዘጉት።

ሁሉም ነገር 420 ዶላር። የነኩትን ቦታ ሁሉ በፊትና በኋላ ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። እጃቸው ይባረክ።

ኖቬምበር ላይ በዶፍ ዝናብ ወደ ዲሴፕሽን ፓስ ነዳን። ባለቤቴ አላመነም፤ ከፍራሹ ሥር ሶፍት አንጥፎ ነበር። ማታ ስናነሳው እንዳለ ነው፣ አንድ ነጠብጣብ የለበትም።

እንከናቸውንም ልናገር። ስልክ ቶሎ አያነሱም፤ ለቴክስት የሚመልሱት በማግስቱ ነው። ማሸጊያው ደረቅ ቦታ ስለሚፈልግ ዝናብ ካለ አይመጡም፤ ለኛም የሁለት ቀን ፀሐይ ጠብቀው ነው የመጡት። ስለዚህ ውጪ የምትታይ ስንጥቅ ካለቻችሁ ኦክቶበርን አትጠብቁ፣ ኦገስት ላይ ያዟቸው። የጣራውን ማሸጊያ በዓመት ሁለቴ ወጥታችሁ እዩ ይላሉ።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሁድ ከቅዳሴ በፊት ግን እንዳትደውሉላቸው።