ዘይት መቀየር ላስተማሩኝ ጋሼ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ሐዋሳ ውስጥ ሞተር የምትነዱ ሁሉ እንድታውቋቸውም እፈልጋለሁ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። በሳምንት አራት አምስት ቀን ከሐዋሳ ተነስቼ ወደ ይርጋለም፣ አንዳንዴም እስከ አለታ ወንዶ እዘልቃለሁ። ከኋላዬ የክትባት ሳጥን ታስሯል። ከአስፋልቱ ከወጣሁ በኋላ በበጋ አቧራ ነው፣ በክረምት ጭቃ ነው። ሞተሬ ህንድ ሰራሽ፣ ባለ 150 ሲሲ ናት። እሷ ከቆመች ስራዬ ቆመ ማለት ነው። የታመመች ላም ደግሞ እስከ ነገ ጠብቂኝ አትባልም።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዘይት የማስቀይረው ባገኘሁት ጋራዥ ነበር። አንዱ ጋ አስቀይሬ በሳምንቱ ፍሪሲዮኗ መንሸራተት ጀመረ። ነዳጅ እሰጣታለሁ፣ ትጮኻለች፣ ፍጥነት ግን የለም። ዳገት ላይማ ጭራሽ አልሆነም። ተመልሼ ሄጄ ስጠይቅ መካኒኩ የመለሰው ለእኔ ሳይሆን አብሮኝ ለነበረው ወንድሜ ነው። «ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ይቀየር» አለው። ሞተሯ የኔ፣ የምነዳት እኔ፣ የምከፍለውም እኔ። ተናድጄ ወጣሁ።

ጋሼን የጠቆመችኝ የስራ ባልደረባዬ ናት። አቶቴ አካባቢ አንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት አለቻቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልጽፍ ነግረውኛል። «የፈለገ ጠይቆ ይምጣ» ነው ያሉት። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው።

ሞተሯን አስነስተው ትንሽ አዳመጡ። ከዚያ የገባላትን ዘይት ጠየቁኝ። ትራፊው ከነጠርሙሱ ቤት ስለነበር ሄጄ አመጣሁላቸው። አገላብጠው አዩትና «ይሄ እኮ የመኪና ነው ልጄ» አሉ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። መኪና ላይ የሞተሩ ዘይት የሚያገለግለው ሞተሩን ብቻ ነው። እንደኔዋ ባለች ሞተር ሳይክል ግን ያው አንዱ ዘይት ሞተሩንም፣ ካምቢዮውንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያገለግላል። የፍሪሲዮኑ ሸራዎች ዘይት ውስጥ ተነክረው ነው የሚሰሩት። ለመኪና ከሚዘጋጁት ዘይቶች አንዳንዶቹ ነዳጅ እንዲቆጥቡ ተብሎ ሰበቃን የሚቀንስ ነገር ይጨመርባቸዋል። ለመኪና ጥሩ ነው። የኔ ሸራ ግን መያዝ ሲገባው ይንሸራተታል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) ወይም «ኤምኤ2» (MA2) የሚለውን ፈልጉ፣ ዘይቱ እንዲህ ላለ ፍሪሲዮን እንደሚሆን የሚያሳይ የደረጃ ምልክት ነው። ክዳኑ ያልተነካ መሆኑንም እዩ።

«ፍሪሲዮኑ ደህና ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ዘይቱን እንቀይርና እንየው» አሉኝ። አዲስ ፍሪሲዮን ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር። ግዢ ቢሉኝ እገዛ ነበር።

እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እያሳዩኝ እኔ ልቀይረው?» አልኳቸው። ሳቅ የለ፣ ግርምት የለ። ዱካቸውን ስበው ከጎኔ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ግን ሞተሬን አላስነኩኝም። ከጥግ አንድ የወዳደቀ አሮጌ የሞተር አካል አመጡና ቡሎን ሰጡኝ። «እሰሪው» አሉ። አሰርኩ። «ጨምሪ።» ጨመርኩ። «አሁንም ጨምሪ።» በመጨረሻ ቁልፉ በድንገት ቀለለኝ። የአሉሚኒየሙ ጥርስ ተበልቶ ነበር። ደነገጥኩ። «ይሄን ስሜት እጅሽ ይወቀው። በሞተርሽ ላይ እዚህ አትደርሺም» አሉኝ። ስንት ሰው በገዛ ሞተሩ ላይ ነው ይህን የሚማረው!

ከዚያ ወደ ስራው ገባን። ሞተሯን አምስት ደቂቃ ያህል አሞቅናት። የሞቀ ዘይት ቶሎ ይወርዳል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወጣል። ጓንት አጠለቅኩ፣ ሳፋ ከስር አደረግኩ፣ የማፍሰሻውን ቡሎን ፈታሁ። የመዳብ ሮንዴላው ከመጠን በላይ ከመጥበቁ የተነሳ ተጨፍልቆ ነበር፣ በአዲስ ተካሁት። የዘይት ፊልትሮውንም ቀየርኩ። ቡሎኑን ስመልስ እጄ ወደ ቁልፉ ሲሄድ «በጣትሽ ገብቶ ሳያልቅ ቁልፍ አይነካውም» አሉ። ዘይቱን እንደ መመሪያው ልክ ሞላሁ። ሞተሯን ለአፍታ አስነስቼ አጠፋሁ፣ ጥቂት ጠብቄ፣ ቀጥ አድርጌ አቁሜ የዘይቱን ልክ በማያ መስኮቷ አየሁ። ሁለቱ ምልክቶች መሃል ነበር።

የፍሬን ዘይቱን ያነሱት እሳቸው ናቸው። የፊቱን የፍሬን ዘይት ዕቃ ከፍተን ስናየው እንደ ሻይ ጠቁሯል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እርጥበት ሲበዛበት የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፣ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን መስፈርቱ 155 ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ዘይቱ ከፈላ በውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እጀታው ባዶውን ይገባል። እኔ ያንን ቁልቁለት ክትባት ጭኜ በየሳምንቱ እወርደዋለሁ። ሁለት ዓመት ሲሞላው መቀየር እንዳለበት ከዚያ በፊት የነገረኝ መካኒክ አልነበረም።

የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚበላ የነዳጅ ታንኩን በጨርቅ ሸፈንኩ። ከታች ፍሬኑ ላይ ዘይቱ የሚወጣባት ጡት የምትባል ትንሽ ቡሎን አለች፣ እሷ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰካሁ። እጀታውን እየጨበጥኩ ጡቷን እፈታለሁ፣ ጋሼ ከዱካቸው ሳይነሱ ይመሩኛል። «ጨብጪ። ፍቺ። እሰሪ። ልቀቂ።» ሳላስር ከለቀቅኩ አየር ይገባል። ከላይ ያለው ከጎደለም አየር ይገባል፣ ስለዚህ በየመሃሉ እሞላለሁ። ጨብጪ፣ ፍቺ፣ እሰሪ፣ ልቀቂ። ጥርት ያለ ዘይት እስኪወርድ ድረስ እንዲህ ቀጠልን። እጀታው ጠንከር ሲልልኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ያን ሁሉ ሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ ቁልፍ ከእጄ አልወሰዱም።

የተቃጠለውን ዘይት ጀሪካን ውስጥ ገለበጡት። ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት የሚቀቡ ሰዎች መጥተው ይወስዱታል። ቦይ ውስጥ አይደፉም። የከተማው ጎርፍ ወደ ሐይቁ ነው የሚወርደው፣ እኔም በሙያዬ ይህ ያሳስበኛል፣ ስለዚህ ወደድኩላቸው።

አሮጌው ዘይት እንዲታጠብ ከ300 ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ ጊዜ እንድደግመው መከሩኝ። ደገምኩት፣ ቤቴ በር ላይ፣ ብቻዬን። ፍሪሲዮኗ አሁን ዳገት ላይ አትንሸራተትም። ሸራው አልቋል የተባለው ያው የድሮው ነው።

የእጅ ዋጋ ስጠይቃቸው «የሰራሽው አንቺ፣ እኔ ምን ልቀበል?» አሉኝ። ለምኜ ነው ያስያዝኳቸው። እባካችሁ፣ ስትሄዱ እናንተም ለምናችሁ ክፈሏቸው። ግማሽ ቀናቸውን ነው የሰጡኝ፣ በዚያ ሰዓት የሌላ ሰው ሞተር ሰርተው ገንዘብ ያገኙበት ነበር። መማር የማትፈልጉም ሂዱ፣ የሚሰሩትን እያሳዩ ነው የሚሰሩት።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። የፊት አሞርዛተሩን ዘይት በሚቀጥለው ወር እንቀይረዋለን ብለውኝ የለ? ቅዳሜ ጠዋት ቡና ይዤ እመጣለሁ።