ውሻ ወይስ አላርም፦ ለባሕር ዳር ቤት የትኛው ይሻላል?

ውሻም ሆነ አላርም ዋና ሥራው ድምፅ ማሰማት ነው። ስለዚህ ገዢው ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ድምፁን ሰምቶ የሚነሣው ማን እንደሆነ ነው። ሽምብጥ ውስጥ ቤተሰብ በሞላበት ግቢ የሚኖር ሰውና አባይ ማዶ አዲስ ቤት ሠርቶ ቀኑን ሙሉ ቆልፎት የሚውል ሰው ለዚህ ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ አይኖራቸውም።

የውሻ ትልቁ ብልጫ ሌባው ገና ከአጥሩ ውጭ ሳለ መስማቱ ነው። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ሲሰማ የውሻ እስከ 45,000 ገደማ ይደርሳል፤ የቤተሰቡን ኮቴ ከእንግዳ ኮቴ ይለያል፤ መብራት ቢጠፋም ሥራውን አያቋርጥም። የተለመደው የቤት ውስጥ አላርም ግን የሚጮኸው በሩ ከተከፈተ ወይም ክፍሉ ውስጥ ሰው ከተንቀሳቀሰ በኋላ በመሆኑ፣ ዕቃው በረንዳና ግቢ ላይ ለሚያድር ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆንበታል።

ሆኖም ውሻ የሚያመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ የሚዘልቅ ኃላፊነት ውስጥ ይገባል። በየቤታችን የወጥ ትራፊ መስጠት የተለመደ ቢሆንም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚጎዱ ልማዱ መቅረት አለበት። በሁዳዴ 55 ቀናት ደግሞ ጾመኛ ቤት ሥጋ ስለማይገባ፣ ከሥጋ ቤት የሚገኘውን ቁርጥራጭ ለብቻው ቀቅሎ የሚሰጠው ሰው ያስፈልጋል። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መከተብ፣ ከዚያም ክትባቱ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውን ከሞት የሚያተርፍ መድኃኒት የለውምና በዚህ ቸል ማለት ይቅር የማይባል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2071 እንስሳው በድንገት ቢያመልጥ እንኳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል። የተመረዘ ሥጋ ወርውሮ ውሻን መግደልም ሌቦች የሚያውቁት ዘዴ ነው።

አላርም አይራብም፣ አይታመምም፤ ነገር ግን ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። ስለዚህ መጠባበቂያ ባትሪ (ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት) ያለውንና በሲም ካርድ ባለቤቱ ስልክ ላይ የሚደውለውን መምረጥ ይገባል፤ ባትሪው በጥቂት ዓመታት ውስጥ መቀየሩ፣ ሲሙም ሒሳብ የሌለው ከሆነ ዝም ማለቱ አይዘንጋ። በክረምት ነጎድጓድ ስለሚበዛ የኃይል መዋዠቅ መከላከያ አብሮ መገጠም አለበት። የእንቅስቃሴ ሴንሰር የሚያነበው የሰውነትን ሙቀት ስለሆነ፣ በሚያዝያ ቀትር የቤቱ ሙቀት ወደ ሰው ሙቀት ሲጠጋ ንቃቱ ይቀንሳል፤ የሴንሰሩ ፊት ላይ የሚሄድ ሸረሪት ደግሞ በከንቱ ያስጮኸዋል። በከንቱ የሚጮኸው አላርም ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጎረቤት ለሦስተኛው ጩኸት አይወጣም።

በእኔ እምነት ሰው የማይታጣበት ግቢ የሐበሻ ውሻ ይበቃዋል፤ ጸጉሩ የበዛው ጀርመን ሼፐርድ በባሕር ዳር ሙቀት ይቸገራል። ተቆልፎ ለሚውል ቤት፣ ለሱቅና ለኮንዶሚኒየም ግን አላርም ይሻላል፤ ቁልፍ የያዘና ስልኩ የማይዘጋ ጎረቤት ካለ ብቻ። ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው ግቢው ውስጥ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ከሚተክል ይልቅ በሮችና መስኮቶች ላይ ሲከፈቱ ብቻ የሚያስጮኽ የማግኔት ሴንሰር ቢያስገጥም፣ ውሻው በተዘዋወረ ቁጥር አላርሙ አይጮኽበትም።