ለኦኢአይኤስ አርታኢዎች ምስጋና፣ ሒሳብ ለምታስተምሩ ጥቆማ

ሒሳብ ለምታስተምሩ፣ ልጆቻችሁን ቤት ውስጥ ለምታስጠኑ፣ ከቁጥር ጋር መዋል ለምትወዱም ሁሉ አንድ አገልግሎት እንጠቁማችሁ፤ ለሚደክሙበት ሰዎችም ምስጋናችን በአደባባይ ይድረስልን። ስሙ ኦኢአይኤስ ይባላል፤ የኢንቲጀር ድርድሮች፣ ማለትም በተርታ የሚሄዱ ሙሉ ቁጥሮች፣ የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ነው። አድራሻው oeis.org ነው። ፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ ጥቂት ሙሉ ቁጥሮች ስታስገቡ፣ ቁጥሮቹ የየትኛው ድርድር እንደሆኑ፣ ምን እንደሚቆጥሩ፣ በምን ቀመር እንደሚወጡ ይነግራችኋል። ለመፈለግ መመዝገብም መክፈልም የለም።

ሥራውን የጀመረው ኒል ስሎን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ 0፣ 1፣ 8፣ 78፣ 944 እያለ የሚሄድ ድርድር ገጠመው፤ ምንነቱን የሚያይበት መዝገብ ስላልነበረ ድርድሮችን ራሱ መሰብሰብ ያዘ። በ1973 በመጽሐፍ ሲያወጣቸው 2,372 ደርሰው ነበር። በ1996 ድረ ገጽ ሆነ፤ ዛሬ ከ370,000 በላይ ድርድሮች አሉበት። አዲስ የሚላከውን ድርድር ሁሉ ከመውጣቱ በፊት የሚመረምሩት በጎ ፈቃደኛ አርታኢዎች ናቸው፤ ምስጋናችን በተለይ ለእነሱ ነው። ስማቸው ሳይነሳ፣ ቁጥር በቁጥር አጣርተው ያስቀመጡት ነገር ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ ቀጥሎ ያለው ያሳያል።

በኮምፓስ ሬዲየሱ ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ይሠራ፤ ካነሰ መሀል ያሉት ቦታዎች ተጨናንቀው አይቆጠሩም። በክቡ ዙሪያ ነጥቦች ይደረጉና እያንዳንዱ ነጥብ ከሌሎቹ ሁሉ ጋር በማስመሪያ ይገናኝ። ጥያቄው «ክቡ ስንት ቦታ ተከፈለ?» የሚል ነው። ነጥቡ 1 ሲሆን ቦታው 1፣ ነጥቦቹ 2 ሲሆኑ 2፣ ከዚያ 4፣ 8፣ 16 እያለ ይሄዳል። እዚህ ሲደርስ ክፍሉ በሙሉ «ነጥቦቹ 6 ሲሆኑ 32!» ይላል። መልሱን አትንገሯቸው፣ ይቁጠሩት። እርሳሱ የተቀረጸ ይሁን፤ የተቆጠረው ቦታ ሁሉ ውስጡ ቁጥር ይጻፍበት፣ አለዚያ አንዱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። የሚወጣው 31 ነው።

ነገር የሚበላሸው ግን እዚሁ ላይ ነው። አንዳንዶቹ 30 ብለው ይመጣሉ፤ «ተሳስተሃል፣ ድገመው» ብሎ መመለስ ይቀናል። ልጁ ላይሳሳት ይችላል። ሥዕሉን እዩት፤ 6ቱን ነጥቦች እኩል አራርቆ ካስቀመጣቸው፣ ፊት ለፊት የሚተያዩትን የሚያገናኙት 3 ረጃጅም አውታሮች መሀል ላይ በአንድ ነጥብ ይቋረጣሉ። አንዱን ነጥብ ትንሽ ፈቀቅ አድርጋችሁ እንደገና አሥምሩ፤ መሀል ላይ አንዲት ጠባብ ሦስት ማዕዘን ትከፈታለች። የጎደለችው 31ኛዋ ቦታ እሷ ነበረች።

ኦኢአይኤስን የምትከፍቱት አሁን ነው። 1,2,4,8,16 ብቻ ብታስገቡ እጅግ ብዙ ድርድር ይደረደርላችኋል፤ 5 ቁጥር አይቶ 6ኛውን መገመት ለምን እንደማያስተማምን ተማሪው በዓይኑ ያያል። 1,2,4,8,16,31,57,99 ስትሉ ኤ000127 (በላቲን A000127፣ የድርድሩ መለያ ቁጥር) ይመጣል፤ ይህ የክቡ ድርድር ነው። 1,2,4,8,16,30,57,88 ስትሉ ደግሞ ኤ006533 ይመጣል፤ እሱም ነጥቦቹ እኩል ሲራራቁ የሚገኘው ነው። 30 ያለው ልጅ ሥዕል የራሱ ገጽ አለው ማለት ነው! ያንን ገጽ ለልጁ ማሳየት ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

ምክንያቱም ለመረዳት አይከብድም። ባዶው ክብ 1 ቦታ ነው። የሚሠመር አውታር ሁሉ 1 ይጨምራል፤ ሁለት አውታሮች የተቋረጡበት ነጥብ ሁሉ ደግሞ ሌላ 1 ይጨምራል። በ6 ነጥቦች መሀል 15 አውታር አለ። አንድ መቋረጫ የሚፈጠረው ከ4 ነጥቦች ስለሆነ፣ ከ6 ነጥቦች 4ቱን መምረጫው መንገድ 15 ነውና መቋረጫውም 15 ነው። 1+15+15 እነሆ 31። ነጥቦቹ 10 ሲሆኑ 1+45+210 ሆኖ 256 ይመጣል፤ እጥፍ እጥፍ በሚሄደው ድርድር ውስጥ ያለ ቁጥር ነው፣ ቦታው ግን እዚያ 9ኛ ነበር። ቀድመው ለጨረሱ ተማሪዎች ይህችን አቆዩላቸው።

ስለ ፍለጋው ጥቂት ነገር። 6 ያህል ቁጥር ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ቁጥሮች ተዋቸው፤ አንዱ ከ0፣ ሌላው ከ1 ስለሚጀምር በእነሱ ምክንያት ያለው ድርድር ሊያመልጣችሁ ይችላል። በቁጥሮቹ መሀል የምታስገቡት የላቲኑን ኮማ እንጂ የአማርኛውን ነጠላ ሠረዝ አይደለም። ኮማውን ትታችሁ ባዶ ቦታ ብቻ ካስቀመጣችሁ ቁጥሮቹን በተርታ ሳይሆን በየትኛውም ቅደም ተከተል ይፈልጋቸዋል። ገጹ እንግሊዝኛ ነው፤ ቁጥሮቹና ምሳሌዎቹ ግን ቋንቋ አይጠይቁም።

ለታናናሾቹ ኤ005132ን ውሰዱ። ከ0 ተነስቶ መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 3 እርምጃ ይኬዳል። ወደ ኋላ መሄድ ከተቻለ ወደ ኋላ ነው፤ ከ0 በታች የሚያወርድ ወይም ቀድሞ ወደተረገጠ ቁጥር የሚመልስ ከሆነ ግን ወደ ፊት። 0፣ 1፣ 3፣ 6፣ 2፣ 7፣ 13፣ 20፣ 12፣ 21፣ 11 ይላል። ከ0 እስከ 25 የተጻፈበት የቁጥር መስመር ላይ እርምጃውን አንዴ ከላይ አንዴ ከታች በግማሽ ክብ ካያያዙት የሚያምር ጥቅልል ይወጣል። ስህተቱ ብዙ ጊዜ 6ኛው እርምጃ ላይ ይመጣል፤ ከ7 ላይ 6 ቀንሰው 1 ይላሉ፣ 1 ግን ተረግጧል፣ ስለዚህ 13 ነው። የተረገጠውን ቁጥር ቶሎ ማክበብ ይለማመዱ። 4 የሚገኘው በ131ኛው እርምጃ ነው። ሁሉም ቁጥር አንድ ቀን ይረገጥ እንደሆነ እስካሁን ያረጋገጠ ሰው የለም፤ ይህን ለልጆቹ ንገሯቸው። በገጹ ላይ «ማዳመጫ» የሚል ትርጉም ያለው ቁልፍ አለ፤ ስትጫኑት ድርድሩን በዜማ ያሰማል።

አንድ ነገር አደራ፤ ተማሪዎቹ በእጃቸው ቆጥረው ሳይጨርሱ ገጹን አትክፈቱላቸው። ሲከፈትም ቁጥሩ ተመሳሰለ ማለት ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ይቆይ።