ስም ተበላሽቶ ብድር ፍለጋ፦ ጅማ ላይ የትኛው ይሻላል?

ባንክ ገብቶ ብድር የጠየቀ ሰው ደመወዙ ከመታየቱ በፊት ስሙ ይታያል። የብድር ባለሙያው በቲን ቁጥር ከብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ሪፖርት ያወጣል። ክፍያው 90 ቀን ያለፈበት ብድር «ከደረጃ በታች» ይባላል፤ 180 ቀን ሲያልፈው «አጠራጣሪ»፣ 360 ሲያልፈው «ኪሳራ»። ምድቡ በከፋ ቁጥር ባንኩ ለኪሳራው የሚያስቀምጠው መጠባበቂያ ገንዘብ ይጨምራል። ስለዚህ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ የቱንም ያህል ወዳጅ ቢሆን፣ እዚህ ምድብ ውስጥ ያለን ሰው አማላጅ አያስፈቅድለትም። ጅማ ውስጥ አጂፕ ሰፈር ያለው ቅርንጫፍ እምቢ ሲል መርካቶ ወዳለው መሄድም ያው ነው፤ የሚከፈተው ሪፖርት አንድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የድሮውን ዕዳ መዝጋት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ዋናውን ገንዘብና ወለዱን ከፍሎ ይሄዳል፣ ጥቂት መቶ ብር የቅጣት ወለድ ግን ሂሳቡ ላይ ይቀራል። ብድሩ ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ የዘገየበት ቀንም መቁጠሩን ይቀጥላል። የመጨረሻውን ክፍያ በሚፈጽሙበት ቀን ቀሪ ሂሳቡ ዜሮ መሆኑን በስቴትመንት አይተው፣ ማህተም ያለበት የክሊራንስ ደብዳቤ ይዘው ይውጡ። መረጃው ማዕከሉ ላይ እስኪታደስ ጊዜ ስለሚወስድ ደብዳቤውን ከአዲሱ ማመልከቻ ጋር ያያይዙት።

ዋስ፣ ማስያዣም ሆነ ወረፋ የማይጠይቀው የስልክ ብድር ነው። በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር የተጀመረው ቴሌብር መላ የብድር ጣሪያውን የሚወስነው የስልክና የቴሌብር አጠቃቀምዎን አይቶ ነው። ካርድ መሙላት፣ መላክ፣ መቀበል፣ መብራትና ውሃ መክፈል፣ ሁሉም ይቆጠራል። እዚያው ቴሌብር ላይ ያለው እንደኪሴ ደግሞ ክፍያ ላይ ገንዘብ ሲያጥር የሚሞላ እንጂ በጥሬው የሚወጣ አይደለም። ለመርካቶ ነጋዴ ያለ ማስያዣ የሚያበድረው የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ሚቹም መታየት ያለበት ነው። የስልክ ብድር ችግሩ ዋጋው ነው። 5,000 ብር ለ30 ቀን ወስደው 400 ብር የአገልግሎት ክፍያ ቢጠየቁ «8 በመቶ ብቻ» ይመስላል፤ በዓመት ሲሰላ ግን 96 በመቶ ነው። ይህ የስሌት ምሳሌ ነው፤ የራስዎን ቁጥር «ተስማምቻለሁ» ከመጫንዎ በፊት ስክሪኑ ላይ ያንብቡ። ደመወዝ እስኪገባ ለሳምንት ቀዳዳ መድፈኛ ይሆናል፤ በአንዱ የስልክ ብድር ሌላውን መክፈል ከጀመሩ ግን ወዲያውኑ ያቁሙ።

ማይክሮ ፋይናንሶች የሚያበድሩት በአብዛኛው በቡድን ዋስትና ነው። የዛሬው ሲንቄ ባንክ፣ የቀድሞው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ፣ ያደገው በዚሁ አሠራር ነው። ከቡድኑ አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይከፍላሉ፤ ስለዚህ ስሙ የተበላሸን ሰው ለመቀበል የሚቸገሩት ቢሮዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ጎረቤቶቹም ናቸው። እዚህ መጠየቅ ያለበት ወለዱ ስንት ነው ሳይሆን በምን ላይ ይሰላል ነው። 30,000 ብር ለ12 ወር በ15 በመቶ፣ ሁልጊዜ በመነሻው ገንዘብ ላይ ከተሰላ፣ ወለዱ 4,500፣ ወርሃዊ ክፍያው 2,875 ብር ነው። በቀሪው ዕዳ ላይ ከተሰላ ወርሃዊው 2,708 ገደማ፣ ወለዱም 2,500 ገደማ ይሆናል። ያው «15 በመቶ» የ2,000 ብር ልዩነት አለው። ገቢዎ ከቡና ከሆነ ደግሞ ክፍያው ከለቀማው በኋላ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ እንዲሆን ውሉ ሳይፈረም ይጠይቁ። ሐምሌ ላይ የሚጀምር ወርሃዊ ክፍያ ለቡና ገበሬ የተበላሸ ብድር መፈልፈያ ነው።

የእኛ ምርጫ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፣ የመሥሪያ ቤትም ሆነ የቀበሌ። ያለፈው ታሪክዎ አይጠየቅም ማለት አይደለም፤ የሚበልጠው ግን ማኅበሩ ውስጥ ያሳዩት ነው። መዋጮ ተከፍሎ፣ አክሲዮን ተገዝቶ፣ ለተወሰኑ ወራት ሳይቋረጥ ተቆጥቦ፣ ከዚያ የቁጠባው የተወሰነ እጥፍ ይፈቀዳል። እጥፉ ሦስት ከሆነ ለ30,000 ብር 10,000 መቆጠብ ግድ ነው። መተዳደሪያ ደንቡን ሳያነቡ አይመዝገቡ፦ ስንት ወር፣ ስንት እጥፍ፣ ስንት ዋስ፣ ሲለቁ ቁጠባው መቼ ይመለሳል። ለዛሬ ማታ ለሚያስፈልግ ገንዘብ አይሆንም፤ ድክመቱ ይህ ብቻ ነው።

ዋስ የሚሆንልዎ ሰው ካገኙ ውሉ ላይ ዋስ የሆነበት ከፍተኛ መጠን በቁጥር ይጻፍ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ይህ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም፣ አበዳሪው ኋላ ላይ ሲያውቅ ደግሞ ሌላ ዋስ አምጡ ይላል።

ወለድ የማይፈልግ ሰው ከወለድ ነጻ መስኮቶች ሙራባሃን ሊጠይቅ ይችላል። ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በክፍያ ይሸጣል፤ ጥሬ ገንዘብ ግን አይሰጥም፣ የብድር ታሪክንም ያያል።

አራጣ አበዳሪ ዘንድ አይሂዱ። ሕጉ በግለሰቦች መካከል በሚደረግ የብድር ውል ከ12 በመቶ በላይ ዓመታዊ ወለድ አይፈቅድም፣ አራጣም በወንጀል ያስጠይቃል። ሆኖም ቀንና መጠን ያልተሞላ ቼክ ፈርመው ካስያዙ አበዳሪው የፈለገውን ሞልቶ ባንክ ያቀርበዋል፤ ሂሳቡ ባዶ ሲሆን በወንጀል የሚከሰሱት እርስዎ ነዎት።